የቅጠል ዳንቴል ሻል፦ ቅጠሉ የት ጠፋ?

ይህ በሹራብ ሠሪዎች የውይይት መድረክ ላይ የቀረበ አንድ ጥያቄና የተከተሉት 26 ምላሾች ማጠቃለያ ነው። የመክፈቻው ጽሑፍ አጭር ነው፤ ቅሬታው ግን ግልጽ። ጠያቂዋ የዛፍ ቅጠል የሚመስል ንድፍ ያለው የዳንቴል ሻል በሹራብ መርፌ ልትሠራ ተነሥታለች። የያዘችው 100 ግራሙ 800 ሜትር የሚሆን ቀጭን የሱፍ ክርና 3.5 ሚሊ ሜትር መርፌ ነው። ናሙናዋን በ17 ቀለበት ጀምራ የንድፉን 16 መስመር ጨርሳለች፤ ቅጠል ግን የለም። የተኮማተረ፣ ቀዳዳው እዚህም እዚያም የተበተነ ቁራጭ ብቻ ነው ያገኘችው። መርፌው ይቀነስ ወይ፣ ንድፉ ስህተት አለው ወይ፣ ቅርጹስ ከአራት ማዕዘን ሦስት ማዕዘን ቢሆን አይሻልም ወይ ስትል ጠየቀች።

ንድፉን በቃላት አስፍራዋለች፤ ምላሾቹ ሁሉ በእሱ ላይ ስለሚንጠለጠሉ እዚህም ይቀመጥ። በመርፌው ላይ ያለውን እያንዳንዱን ጥምዝ ክር ቀለበት ትለዋለች። ቀጥታ ተራው የፊት አሠራር ነው፤ ግልብጥ ደግሞ ክሩ ከፊት ሆኖ የሚሠራው የሱ ተገላቢጦሽ። ጣል ማለት ክሩን መርፌው ላይ አንዴ ጠቅልሎ አዲስ ቀለበት፣ ከሥሩም ቀዳዳ መፍጠር ነው። ቀኝ ዘንበል ሁለት ቀለበት አንድ ላይ በቀጥታ መሥራት ነው። ግራ ዘንበል ሁለቱን አንድ በአንድ አዙሮ ካሻገሩ በኋላ በጀርባቸው በኩል አንድ ላይ መሥራት ነው። መሐል ቅነሳ ደግሞ ሦስቱን ቀለበት አንድ ያደርጋል።

ቁጥሩ የ10 ብዜት ሲደመር 1 ነው። በግራና በቀኝ ሁልጊዜ በቀጥታ የሚሠሩ ሦስት ሦስት የጠርዝ ቀለበቶች ይጨመራሉ። በጀርባ በኩል ያሉት ተጋማሽ ቁጥር መስመሮች (2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛ እያለ)፣ ከጠርዙ በቀር፣ ሁሉም ግልብጥ ናቸው።

1ኛ መስመር፦ 1 ቀጥታ፣ ጣል፣ 3 ቀጥታ፣ መሐል ቅነሳ፣ 3 ቀጥታ፣ ጣል።
3ኛ፦ 2 ቀጥታ፣ ጣል፣ 2 ቀጥታ፣ መሐል ቅነሳ፣ 2 ቀጥታ፣ ጣል፣ 1 ቀጥታ።
5ኛ፦ 3 ቀጥታ፣ ጣል፣ 1 ቀጥታ፣ መሐል ቅነሳ፣ 1 ቀጥታ፣ ጣል፣ 2 ቀጥታ።
7ኛ፦ 4 ቀጥታ፣ ጣል፣ መሐል ቅነሳ፣ ጣል፣ 3 ቀጥታ።
እስከዚህ ያሉት አራቱም መጨረሻቸው ላይ 1 ቀጥታ ይጨመርባቸዋል።
9ኛ፦ በግራ ዘንበል ይጀመርና 3 ቀጥታ፣ ጣል፣ 1 ቀጥታ፣ ጣል፣ 3 ቀጥታ፣ መሐል ቅነሳ እየተባለ ይደገማል። በመጨረሻው ድግግሞሽ በመሐል ቅነሳው ቦታ ቀኝ ዘንበል ይገባል።
11ኛ፣ 13ኛና 15ኛም አጀማመራቸውና አጨራረሳቸው እንደ 9ኛው ነው። በ11ኛው መካከሉ 2 ቀጥታ፣ ጣል፣ 3 ቀጥታ፣ ጣል፣ 2 ቀጥታ ይሆናል። በ13ኛው 1፣ ጣል፣ 5፣ ጣል፣ 1፤ በ15ኛው ደግሞ ጣል፣ 7፣ ጣል ብቻ።

1ኛ ምላሽ። ሰላምታውን አስቀድሞ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ናሙናው ታጥቦ፣ ተወጥሮ ደርቋል ወይ? ዳንቴል ከመርፌ ሲወርድ ሁልጊዜ የተኮማተረ ነው። ጣሎቹ የሚከፈቱትና ቅነሳዎቹ መስመር የሚይዙት ሱፉ ውኃ ጠጥቶ ሲወጠርና እንደተወጠረ ሲደርቅ ነው። ስለዚህ ከመታጠቡ በፊት በናሙና ላይ መፍረድ ገና ባልተነሣ ሊጥ ላይ እንደ መፍረድ ነው ብሏል። ለብ ባለ ውኃ 20 ደቂቃ ዘፍዝፎ፣ በፎጣ ጠቅልሎ እየተጫኑ ውኃውን ማስወጣት፤ መጠምዘዝ ግን በጭራሽ።

2ኛው ችግሩን በሙሉ መርፌው ላይ ጥሎ ወደ 2.5 ሚሊ ሜትር እንድትወርድ መከረ። ቀለበቶቹ ጠበቅ ሲሉ ሥዕሉ ይጠራል የሚል ነው ክርክሩ። ለተራ ሹራብ የሚያስኬድ ሐሳብ ነው፤ እዚህ ግን አይሠራም።

3ኛው ይህን በትሕትና አረመ። በዳንቴል መርፌው ከክሩ ውፍረት አንጻር ትልቅ የሚሆነው ቀለበቱ ሲወጠር የሚዘረጋበት ትርፍ ክር እንዲኖረው ነው። በ2.5 የተሠራ ጣል ታጥቦም ቢወጠር የመርፌ ጫፍ የማያስገባ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ለዚህ ክር ከ3.25 እስከ 4 ያለው ሁሉ ይሞከራል። ምክሩም አንዱን ናሙና በ3.5 ጀምሮ፣ ሁለት መስመር ቀጥታ እንደ ድንበር ሠርቶ፣ በ4 መቀጠልና ሁለቱን ባንድነት ወጥሮ ማወዳደር ነው። ቅጠሉ ግልጽ፣ ቀዳዳው ክፍት፣ ጨርቁ ደግሞ ቅርጹን የማይለቅ ሆኖ የተገኘው ይመረጣል።

4ኛው ከሁሉም ይልቅ ጥያቄውን ራሱን ያነበበ ነው። መርፌውንም እጥበቱንም ትቶ በሒሳብ ገባ። በ17 ቀለበትና በ16 መስመር ውስጥ አንድም ሙሉ ቅጠል አይገኝም! በዚህ ንድፍ በድግግሞሹ መካከል ያለው ቅጠል የሚወለደው በ9ኛው መስመር፣ በሁለት ጣሎች መካከል ባለችው በ1 ቀጥታ ነው። እስከ 15ኛው እየሰፋ ሄዶ 16ኛው ላይ 9 ቀለበት ይደርስና በሚቀጥለው ዙር ከ1ኛ እስከ 7ኛ እየጠበበ ይዘጋል። እሷ የሠራችው ታዲያ በመካከል የአንዱን ቅጠል ጫፍ፣ ከሱ በላይ የሌላውን ሥር ነው። ከ1ኛው መስመር ተነሥተው በ15ኛው የሚያልቁት ቅጠሎች በድግግሞሾች መጋጠሚያ ላይ ናቸው፤ በአንድ ድግግሞሽ ስፋት ደግሞ መጋጠሚያ የለም፤ በጠርዝና በጠርዝ የቀሩ ግማሾች ብቻ ናቸው። በ37 ቀለበት፣ ማለትም በሦስት ድግግሞሽ፣ 32 መስመር ቢሠራ ግን ሰባት ሙሉ ቅጠሎች ይወጣሉ፤ አራቱ በመጋጠሚያዎቹ፣ ሦስቱ በመካከል። ይህን ካነበቡ በኋላ ንድፉን የሚከስስ አልተገኘም።

5ኛው የ4ኛውን ሒሳብ ተቀብሎ ሌላ ጥርጣሬ ጨመረ። ሰው ዳንቴል ሲያይ ዓይኑ ቀዳዳው ላይ ያርፋል፤ ሥዕሉን የሚሥለው ግን ቅነሳው ነው። ቀዳዳው የቅጠሉን ዳር ቢያሳይም፣ የቅጠሉ አካል ወዴት እንደሚያጋድል፣ የመካከሉ ደም ሥር ቀጥ ማለቱና ጫፉ መሹሉ የሚወሰነው ከቀለበቶቹ የትኛው ከላይ እንደተኛ ነው። ሦስት ቀለበትን አንድ የማድረጊያ ሦስት መንገድ አለ። ሦስቱን አንድ ላይ በቀጥታ ከሠሩ የግራው ከላይ ይውልና ወደ ቀኝ ያጋድላል። አንዱን አሻግረው፣ ሁለቱን ባንድ ሠርተው የተሻገረውን በላዩ ካሳለፉ የቀኙ ከላይ ሆኖ ወደ ግራ ይተኛል። ሁለቱን ባንድ እንደሚሠሩ አድርገው መርፌውን ከተው ሳይሠሩ ካሻገሩ፣ ሦስተኛውን በቀጥታ ሠርተው ሁለቱን በላዩ ካሳለፉ ግን የመካከሉ ከላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ይህ ንድፍ የሚፈልገው የመጨረሻውን ነው። ጠያቂዋ የትኛውን እንደሠራች ሳይታወቅ ስለ መርፌ ማውራት ከንቱ ነው ሲልም ዘጋ። 2ኛውን መውጋቱ ነው።

6ኛው የጠያቂዋ መልስ ነው። ሦስቱን አንድ ላይ በቀጥታ ስትሠራ እንደነበር አመነች፤ ናሙናውንም አላጠበችም። በዚያው ሁለት አዲስ ነገር አነሣች። አንደኛ፣ በሰፊው ስትሞክር ከ9ኛው መስመር በኋላ ድግግሞሹን ለመለየት መርፌው ላይ ያስገባቻቸው ምልክቶች ከቀለበቶቿ ጋር አልገጥም አሏት። ሁለተኛ፣ ክሯ ባለ ብዙ ቀለም ነው፤ አረንጓዴ፣ ቡናማና ቢጫ እየተቀያየሩ የሚሄዱበት። ይህን ሁለተኛውን ባትናገር ክሩ ከዚህ በግማሽ ያጥር ነበር፤ የውይይቱ ክር ማለቴ ነው።

7ኛው የምልክቱን ነገር በአንድ አንቀጽ ጨረሰው። ምልክቶቹ በየ10 ቀለበቱ ናቸው። በ9ኛው፣ በ11ኛው፣ በ13ኛውና በ15ኛው መስመር መሐል ቅነሳው ድንበር ይሻገራል፤ ከምልክቱ በፊት ያለችውን አንዷን፣ ከምልክቱ በኋላ ካሉት ሁለቱን ይወስዳል። ስለዚህ አንዷ ስትቀር ምልክቱ ይነሣል፣ ቅነሳው ይሠራል፣ ከዚያ ምልክቱ ከቅነሳው በወጣችው ቀለበት ፊት፣ በቀኟ በኩል፣ ይመለሳል። ያኔ ከኋላው የቀሩት እንደገና 10 ናቸው። ምልክቱን ላለመንካት ሲባል ቅነሳውን ወደ አንድ ጎን ካስገቡት ቅጠሉ በየድግግሞሹ አንድ ቀለበት ይሸሻል፤ ሁለት ዙር ካለፈ በኋላም ቅጠልነቱን ይተዋል።

8ኛው ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው ንድፍን በቃላት በመጻፍ ነው ባይ ነው። በካሬ ወረቀት ላይ ቢሣል የመሐል ቅነሳዎቹ ዓምድ ቀጥ ብሎ ይታያል፤ የተሳሳተው በዓይን ይያዛል። የፊት መስመሮች ከቀኝ ወደ ግራ እንደሚነበቡና የጀርባዎቹ ግልብጥ ብቻ ስለሆኑ ሳይሣሉ መተው እንደሚቻል አስረድቶ፣ በቃላት የሚሠሩ ሰዎች ሹራብ ማንበብ አልተማሩም የምትል ዐረፍተ ነገር ጨመረበት። ምክሩ ደህና ነበር፤ ዐረፍተ ነገሯ ግን ተረፈች።

9ኛው አልታገሠም። ካሬው ቀለበት አይቆጥርም፤ ምልክቱም በካሬ ላይ በራሱ አይንቀሳቀስም። ድንበር የሚሻገር ቅነሳ ካሬ ላይም የድግግሞሹ መስመር እንደ ደረጃ ተሰብሮ ካልተሣለ ያው ስህተት ይመጣል ሲል መለሰ። በትክክል የተጻፈ ቃልና በትክክል የተሣለ ካሬ አንድ ናቸው፤ ማናናቅ ግን ከሁለቱም ውስጥ የለም ብሎ አለፈ።

10ኛው ወደ ቀለሙ ዞረና ባለ ብዙ ቀለሙን ክር ለሌላ ሥራ እንድታስቀምጠው መከረ። ቅነሳ የሚታየው ከላይ የተኛው ቀለበት ከሥሩ ባለው ላይ ጥላ ሲጥል ነው፤ ቀለም በየሁለት ጣቱ ሲለወጥ ጥላው ይሸነፋል። አንድ ወጥ ቀለም፣ ከመካከለኛ ያልጠቆረ፣ ለቅጠል ይበቃዋል።

11ኛው ተቆጣ። ተፈጥሮ አንድ ቀለም የለውም፤ የመኸር ቅጠል ራሱ ሦስት አራት ቀለም ነው፤ አንድ ወጥ ቀለም ብቻ ይፈቀዳል የሚሉት ዳንቴልን የሙዚየም ዕቃ ያደረጉት ናቸው አለ። ከዚህ በፊት ስንት ሰው በቀለማት ክር ቆንጆ ሻል ሠርቷል ሲልም ጠየቀ፤ አንድም አላሳየም እንጂ።

12ኛው በቁጥር መጣ። በዚህ ውፍረት አንድ ቀለበት ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር ክር ይበላል። ቀለሙ በየ5 ሴንቲ ሜትሩ የሚለወጥ ክር ከሆነ አንድ ቀለም የሚሸፍነው አራት ቀለበት ያህል ነው። ቅጠሉ በሰፊው ቦታ 9 ቀለበት ነውና በአንድ መስመር ላይ ብቻ ሁለት ሦስት ቀለም ይገባበታል፤ ቀጣዩ መስመር ደግሞ ሌላ ቦታ ላይ ይቆርጠዋል። ውጤቱ የመኸር ቅጠል ሳይሆን ነጠብጣብ ነው። ቀለሙ በብዙ ሜትር ቀስ እያለ የሚሸጋገር ክር ከሆነ ግን የ11ኛው ሐሳብ ልክ ነው፤ አንድ ረድፍ ቅጠል አረንጓዴ፣ ቀጣዩ ቢጫ እየሆነ ይወጣል። ጠያቂዋ ከጥቅሉ ሁለት ሜትር ዘርግታ ቀለሙ በየስንት እንደሚለወጥ በማስመሪያ ትለካ።

13ኛ፣ የ11ኛው ጸሐፊ መልስ። እስከዚያ ድረስ ሁሉም በአንተና በአንቺ ነበር የሚነጋገረው። እዚህ ላይ ድንገት እርስዎ መጣ፤ አክብሮቱ የበረዶ ያህል ቀዝቃዛ ነው። እርስዎ ማስመሪያ ይዘው ውበት ይለካሉ የሚል ይዘት ነበረው። 12ኛውም ምላሽ አልሰጠም፤ ጥሩ አደረገ።

14ኛው ሊያስታርቅ ብሎ ከርዕሱ ወጣ፤ ይሁንና የወጣው ወደ ጥሩ ቦታ ነው። ባለ ብዙ ቀለሙን ክር መጣል ካልተፈለገ ከቅጠል ወደ ማዕበል መቀየር ነው ብሎ ባለ 18 ቀለበት፣ ባለ 4 መስመር ንድፍ ጻፈ። 1ኛው ቀጥታ፣ 2ኛው ግልብጥ። 3ኛው ሦስት ጊዜ ሁለት ባንድ፣ ስድስት ጊዜ ጣልና 1 ቀጥታ፣ እንደገና ሦስት ጊዜ ሁለት ባንድ። 4ኛው፣ በጀርባ በኩል ቢሆንም፣ ቀጥታ ነው። ሥራው በሙሉ ያለው በ3ኛው መስመር ላይ ነው፤ ቅነሳው በአንድ ቦታ፣ ጭማሪው በሌላ ቦታ ስለተከማቸ መስመሩ ራሱ ይታጠፋል፣ ቀለሙም ከመስመሩ ጋር አብሮ እየታጠፈ የባሕር ዳር ሞገድ ይመስላል። እዚህ ቀለም ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ሥዕሉ የሚነበበው ከቅነሳው ጥላ ሳይሆን ከመስመሩ መታጠፍ ነው። 11ኛውም 12ኛውም በዚህ ተስማሙ፤ በተለያየ ምክንያት ቢሆንም።

15ኛው ስሙን አረመ። 14ኛው ንድፉን ላባና ማራገቢያ ብሎት ነበር። በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ብዙዎች እንዲያ ይሉታል፤ በስኮትላንድ ሼትላንድ ደሴቶች ግን ይህ ኦልድ ሼል ነው፣ ላባና ማራገቢያ የሚባለው ሌላ ንድፍ ነው። ንድፍ በስሙ ብቻ ፈልጎ ቀለበት መጀመር ስለዚህ አደገኛ ነው፤ ብዜቱንና የመስመሩን ብዛት ማመሳከር ይቀድማል።

16ኛው የሼትላንድ ስም ሲነሣ ዕድሉን አላሳለፈውም። የኡንስት ደሴት ሠሪዎች በጣት ቀለበት ውስጥ የሚያልፍ ሻል በመሥራት የታወቁ መሆናቸውን ጽፎ፣ የሩስያዋን ኦረንቡርግ ከፍየል ለስላሳ የውስጥ ፀጉር የሚሠራ ሻል አከለ። ከዚያ ወደ ኢስቶንያዋ ሃፕሳሉ ተሻገረ፤ እዚያ የሸለቆ አበባ የሚባለው ንድፍ የአበባዋን እምቡጥ የሚያወጣው ኑፕ በሚሉት እብጠት ነው። ለባለ ሰባቱ ኑፕ በአንድ ቀለበት ውስጥ ቀጥታና ጣል እየተፈራረቁ በቀጥታ ይጨርሱና ሰባት ቀለበት ይወጣል፤ በሚቀጥለው የጀርባ መስመር ሰባቱ ባንድ በግልብጥ ይዘጋሉ። የሚያስቸግረው መዝጋቱ ነው፤ መርፌው አይገባም። መድኃኒቱ ደግሞ ሰባቱን ሲያወጡ ከወትሮው ረዘም፣ ላላ አድርጎ መሳብና ጫፉ የሾለ መርፌ መያዝ ነው። በዚህ ንድፍ ላይ ኑፕ ከተፈለገ በቅጠሉ ሥር፣ በምትወለደው በ1 ቀጥታ ላይ፣ ፍሬ መስላ ትቀመጣለች። ጠያቂዋ ገና ቅጠሉን አላገኘችም፤ እሱ ፍሬ ይጨምርላታል።

17ኛው ወደ ተረሳው ወደ ሦስተኛው ጥያቄ መለሳቸው። ሦስት ማዕዘን ከላይ ከአንገት ተጀምሮ በየፊት መስመሩ 4 ቀለበት፣ ሁለት በዳርና በዳር፣ ሁለት በመካከሉ ዓምድ ግራና ቀኝ፣ እየጨመረ ይወርዳል። የቅጠል ድግግሞሽ እዚያ ውስጥ ሲገባ በየጎኑ ያልሞላ ቅጠል ይኖራል። ያላለቀ ድግግሞሽ ሲሠራ ደግሞ ሕጉ አንድ ነው፤ ጥንዱ ቅነሳ ቦታ ያላገኘ ጣል አይሠራም፤ አለዚያ ቀለበቱ ይበዛል። ለመጀመሪያ ሥራ አራት ማዕዘን ይሻላል ብሏል። ሌላው ወጥመድ ክሩ ነው፤ ሦስት ማዕዘን ወደ ታች ሲሄድ መስመሩ ስለሚረዝም፣ ቁመቱ 70 በመቶ ሲደርስ ያለቀው ግማሹ ክር ብቻ ነው። ያላወቀ ሰው ቁመቱን አይቶ ጨርሻለሁ ይላል፤ ግማሹ ሥራ ግን ገና ከፊቱ ነው።

18ኛው አራት ማዕዘኑን ደግፎ፣ ቅጠል አቅጣጫ አለው ሲል አስጠነቀቀ። ሻሉ ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው በአንድ ትንፋሽ ከተሠራ፣ ትከሻ ላይ ሲጣል በአንዱ ጎን ቅጠሉ ወደ ታች ያያል፣ በሌላው ወደ ላይ። ይህ የማይታያቸው አሉ፤ አንዴ የታያቸው ግን ሁልጊዜ ይታያቸዋል። መፍትሔው ከመካከል በሚፈታ ትርፍ ክር ጀምሮ አንዱን ግማሽ መጨረስ፣ ከዚያ ትርፉን ክር ፈትቶ ቀለበቶቹን በመርፌ መልቀምና ሁለተኛውን ግማሽ ወደ ተቃራኒው መሥራት ነው። ሲለቀሙ አንድ ሊጎድል ይችላል፤ አዲሱ ሥራም በግማሽ ቀለበት ይዛነፋል። ስለዚህ በመጋጠሚያው ላይ ሁለት አራት መስመር ሜዳ ትቶ፣ የጎደለችውን እዚያ ጨምሮ ንድፉን መጀመር ይሻላል።

19ኛው ስለ መዳኛ ክር ብቻ ነው። በ8ኛውና በ16ኛው መስመር መጨረሻ ላይ፣ ግልብጡ እንዳለቀ፣ ቀጭን ለስላሳ የጥጥ ክር በስፌት መርፌ በቀለበቶቹ ሁሉ ውስጥ ያልፋል፤ ምልክቶቹ ውስጥ ግን አይለፍ፣ ካለፈ ምልክቱ እዚያው ይታሠራል። ስህተት ሲመጣ መርፌውን አውጥቶ እስከዚያ መፍታት ነው። ጸጉራም ክር ለዚህ አይሆንም፤ ቀለሙ የሚለቅም እንዲሁ። የተረሳ ጣል ብቻ ከሆነ ግን መፍታት አያስፈልግም፤ በጀርባው መስመር በሁለቱ ቀለበቶች መካከል የተጋደመችውን ክር አንሥቶ እንደ ጣል መሥራት ይበቃል። ቀዳዳዋ መጀመሪያ ትጠባለች፣ ሲወጠር ትስተካከላለች።

20ኛውና 21ኛው በጠርዝ ላይ ተጋጩ። 20ኛው የየመስመሩን የመጀመሪያ ቀለበት ሳይሠሩ ማሻገር ንጹሕ ሰንሰለት ይሰጣል አለ። 21ኛው ደግሞ ንጹሕ መሆኑን አምኖ፣ ያ ሰንሰለት በሁለት መስመር አንድ ቀለበት ብቻ ስላለው ሻሉ ሲወጠር ጠርዙ እንደ ገመድ ይቀራል፣ መካከሉም ይነፋል ሲል ተቃወመ። በዳንቴል የመጀመሪያዋም ትሠራ። እዚህ ከ21ኛው ጋር ነኝ። አጀማመሩ ላይ ግን ሁለቱም ተስማምተዋል፤ ቀለበት ሲጀመር 5 ሚሊ ሜትር በሆነ መርፌ ላላ ይበል። ሲዘጋም ሁለት ቀጥታ ሠርቶ፣ ሁለቱን ወደ ግራ መርፌ መልሶ፣ በጀርባቸው በኩል ባንድ ሠርቶ፣ አንድ ቀጥታ እየጨመሩ መሄድ። ይህ አዘጋግ ይለጠጣል፤ ተራው አዘጋግ የቅጠሎቹን ጫፍ አሥሮ ያስቀራል።

22ኛው መጠኑን ሠራላት። ስምንት ድግግሞሽ 81፣ ከጠርዙ ጋር 87 ቀለበት ነው። ታጥቦ የደረቀው ናሙና በ10 ሴንቲ ሜትር 20 ቀለበትና 28 መስመር ከሰጠ፣ ስፋቱ 43 ሴንቲ ሜትር ተኩል፣ 30 ድግግሞሽ ማለትም 480 መስመር ደግሞ 171 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ክሩ ይበቃ እንደሆነ ለማወቅ የሻሉን ሁለት ድግግሞሽ ከመሥራት በፊትና በኋላ ጥቅሉን በኩሽና ሚዛን መመዘን ነው። 5 ግራም ከሄደ ሠላሳው 75 ግራም ይፈጃል። ከመካከል ለሚጀመረው ደግሞ ጥቅሉን በክብደት ለሁለት መክፈል ይቀላል፤ አንዱ ግማሽ ሲያልቅ ሌላው ስንት እንደሚደርስ ይታወቃል።

23ኛው ስለ ማድረቅ ከ1ኛው የቀረውን ሞላ። የማይዝግ ረጅም ሽቦ በሁለቱ ረጅም ጠርዞች ውስጥ ይሰካል፣ በአጫጭሮቹ ጎኖች እያንዳንዱ የቅጠል ጫፍ ለብቻው በስፒል ይሳባል። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ከተነሣ ተመልሶ ይኮማተራል። የማጠቢያውና የማለቅለቂያው ውኃ ሙቀት አንድ ይሁን፤ ሱፍን አጣብቆ የሚያኮማትረው በሞቀ ውኃ መታሸትና የሙቀት ድንገት መለዋወጥ ነው። ጥጥ ይወጠራል እንጂ እንደ ሱፍ ቅርጹን አይዝም። ከአልፓካ እንስሳ ፀጉር የተፈተለ ክር በራሱ ክብደት ይረዝማል። አክሪሊክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር በውኃ ብቻ እሺ አይልም፣ በእንፋሎት ነው የሚዘረጋው፤ ካውያው ግን አይንካው፣ ከቀለጠ አይመለስም። 11ኛው ደግሞ ብቅ ብሎ፣ በአንተ፣ ሽቦ የሌለው በጠርዙ ውስጥ ጠንካራ የጥጥ ክር አሳልፎ ሁለቱን ጫፍ በስፒል ቢወጥር ያው ነው አለ። ይህ 24ኛው ነበር።

25ኛው የጠያቂዋ ነው። 37 ቀለበት፣ 32 መስመር፣ አንድ ወጥ ቀለም፣ በመሐል ቅነሳ፤ ታጥቦ ደርቋል፣ ሰባቱም ቅጠሎች ተቆጥረዋል። ማዕበሉ በባለ ቀለሙ ክር ይሠራል ብላለች። የጠየቀችው ናሙናውን ከወጠረች በኋላ የክር ጫፎቹ ለምን ሾልከው እንደወጡ ነው።

26ኛው እና የመጨረሻው፦ ጫፎቹ ከመታጠቡ በፊት 15 ሴንቲ ሜትር ያህል እንደረዘሙ ይተዉ፣ በጠርዙ ቀለበቶች ውስጥ ላላ ተደርገው ይሸጎጡ፣ ሻሉ ተወጥሮ ደርቆ ከስፒሉ ከወረደ በኋላ ትርፉ ይቆረጥ።